የጃናሞራ ገለባ

ሽታዬ ዶክተር ክንዱን የምታውቀው ዶክተር ከመሆኑ በፊት ነው። ጎንደር ከቀሐ ወንዝ ማዶ ባለው የደጋ ተረፈ ምርት ምርምር ማዕከል ሃያ ሁለት ዓመት የላብራቶሪ ቴክኒሻን ሆና ስትሠራ ስንቱን ተለማማጅ ተቀብላ ሸኝታለች፤ አንዱ ክንዱ ነበር። አሲድ ላይ ውኃ ሊገለብጥ ሲል ዘላ እጁን የያዘችው እሷ ናት። ያኔ ባትደርስለት ኖሮ ዛሬ ያ ፊት ከበሩ እስከ መጸዳጃ ቤቱ በተሰቀለው ባነር ላይ ባልታየ። አንዳንድ ጠዋት ባነሩን ቀና ብላ አይታ «ምነው ባልያዝኩት» ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ ደንግጣ ታማትባለች።

ክንዱ ባሕር ማዶ ሰባት ዓመት ተምሮ የፕሮጀክት ኃላፊ ሆኖ ሲመለስ፣ ይዞት የመጣው ትልቁ ዕቃ አንድ ቃል ነበር፤ ባዮማስ፣ ገለባና ቅጠሉን ሁሉ ነዳጅ ማድረግ ማለቱ ነው። ሲገባ ባዮማስ፣ ሲወጣ ባዮማስ፣ ሻይ ሲያማስል ባዮማስ። የግቢው ዘበኛ ሳይቀር «ባዮማሱ ገብቷል ወይስ አልገባም?» ብሎ ስለ ሰውዬው መጠየቅ ጀመረ።

ሽታዬን የሚያበግናት ነገሩ ውሸት አለመሆኑ ነበር። ውሸት ቢሆን ስቃ ታልፈው ነበር። ገለባ ውስጥ ስኳር አለ፤ ግን ተቆላልፎ ነው ያለው፤ በሬ ካልሆነ በቀር ማንም በቀላሉ አይፈታውም። በአሲድና በእንፋሎት ከፈቱት፣ ስኳሩን እርሾ ይበላውና ወደ አልኮል ይለውጠዋል። አልኮሉ ምድጃ ያነዳል። የቀረው ዝቃጭም ሙጫ ይሆናል፣ ፕላስቲክ ይሆናል፣ ብዙ ነገር ይሆናል። ይህን ሽታዬ ከክንዱ በፊት አንብባዋለች። ልዩነቱ እሷ ትዕግሥት፣ ጥሩ ማሽንና ብዙ ሥራ እንደሚፈልግ ታውቃለች፤ እሱ ደግሞ አዳራሽና ማይክሮፎን ብቻ የሚበቃው ይመስለዋል።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ በፕሮጀክቱ ነጭ መኪና ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ወጡ። ሽታዬን ይዟት የሄደው የአገሩ ልጅ ስለሆነች ነው። እዚያ ተወልዳ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያ ተምራ፣ ከዚያ ነው ጎንደር የወረደችው። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ገበሬዎቹ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ፀሐይ የሚመታው ግንብ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ክንዱ ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ቆመና ጀመረ።

«ውድ አርሶ አደሮች! እናንተ ዌስት የምትሉት ነገር ሪሶርስ ነው። ቫልዩ ቼይኑን ኦፕቲማይዝ ካደረግነው ሰርኩላር ኢኮኖሚ እንፈጥራለን!»

ማጨብጨብ የለመደ ሰው አልነበረምና ማንም አላጨበጨበም። የትነበርሽ የምትባል፣ የሽታዬ የአጎት ልጅ የሆነው የአያ ሰጠኝ ሚስት፣ ከሴቶቹ መሀል አንገቷን አወጣች።

«ሽታዬ፣ ምን አለ ሰውየው? ምነው በአማርኛ ቢያወራን?»

«አማርኛ ነው እኮ» አለች ሽታዬ።

ሴቶቹ ሳቁ። ክንዱም አብሮ ሳቀ፤ በማን እንደተሳቀ አልገባውም።

ከዚያ በኋላ እሱ አንድ ሲል እሷ ታስረዳለች። «ዌስት» ያለውን ዘለለችው። የጃናሞራን ሰው ገለባህ ቆሻሻ ነው ብሎ መንገር አፏ አልሄደላትም፤ በበጋ በሬ የሚያቆመው፣ ከጭቃ ተቦክቶ ግድግዳ የሚሆነው፣ ተጠቅጥቆ ፍራሽ የሚሆነው ገለባ ነው። የቀረውን ግን በደንብ አስረዳች። ገለባው ተቀቅሎ ስኳር እንደሚወጣው፣ ስኳሩ ተጠንስሶ ልክ እንደ አረቄ እንደሚወርድ፣ የወረደውም እንደ ላምባ እንደሚነድ፣ ግን እንደማያጨስ።

«ገለባችንን ስንሰጥ እኛስ ምን እናገኛለን?» አለ አያ ሰጠኝ። ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ነው።

ክንዱ «በፓይለቱ ውጤት ላይ ተመሥርቶ፣ ለእያንዳንዱ ተሳታፊ አባወራ አንድ ምድጃ ከነነዳጁ የማቅረብ ዕቅድ አለ» አለ።

ሽታዬ ወደ ሰዎቹ ዞረችና «ለየቤቱ አንዳንድ ምድጃ ከነነዳጁ ይሰጣል» አለች።

ያቺን «ዕቅድ» የምትል ቃል የት እንደጣለቻት እሷም አታውቅም። ወሬው አልቆ ወደ ሙቀት እንዲገቡ ፈልጋ ይሆናል። የሴቶቹ ዓይን በጭስ ቀልቶ አይታ፣ እውነት እንዲሆን ተመኝታም ይሆናል። ብቻ ተናገረችው።

አያ ሰጠኝ ክንዱን ከላይ እስከ ታች አየውና ወደ እሷ ተመለሰ። «ይኸን ሰው አላውቀውም። አንቺን ግን አውቅሻለሁ። አንቺ ካልሽ ይወሰድ።»

አሥራ ስምንት ቤት ከክምሩ ሰጠ። ሁለት አይሱዙ ሞላ። በገመድ ታስሮ፣ በሸራ ተሸፍኖ፣ በደባርቅ በኩል ጎንደር ወረደ። ክንዱ አይሱዙው ላይ ወጥቶ፣ አንድ እፍኝ ገለባ ወደ ሰማይ እየበተነ ፎቶ ተነሣ። ያ ፎቶ አሁንም የማዕከሉ ገጽ ላይ አለ።

ገለባ የሚቀቅለው ማሽን ከጭነቱ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ከግቢው ጥግ፣ ከነሣጥኑ፣ ቆርቆሮ ዳስ ሥር ተቀምጧል። ሳይከፈት የቀረበት ምክንያት ብዙ ነው። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ የሌለ ዓይነት መብራት ይፈልጋል ተባለ። ቀጥሎ መክደኛውን የሚያሽገው ጎማ ሳይላክ መቅረቱ ታወቀ። በመጨረሻ ደግሞ ከምረቃው እንግዶች በፊት መክፈት «ሰርፕራይዙን ያበላሸዋል» ተባለ። ለገለባው የተሠራው መጋዘን ለምረቃው በተገዙ ወንበሮች ስለተያዘ ገለባው ሜዳ ላይ ተከመረ። ሽታዬ ሸራ እንዲለብስ ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ጠየቀች። ሸራው ግን ባነር ሲታተምበት ሰነበተ።

እሷ ዝም ብላ ሥራዋን ጀመረች። በላብራቶሪው አሮጌ የእንፋሎት ድስት ውስጥ ገለባውን በኪሎ በኪሎ እየከፈለች በቀጭን አሲድ ቀቀለች፤ በኖራ አሲዱን ሰበረች፤ አጠለለች፤ እርሾ ጨመረች። እርሾው የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጋኖች ነክቶም አላያቸው። የትነበርሽ በጠጅ ቤትና በአረቄ ሥራ ያደገች ሴት ናትና ሽታዬ ስልክ ደወለችላት።

«እርሾው አልነሣ አለኝ።»

«ብርዱ ነዋ! ምን ላይ ነው ያስቀመጥሽው?»

«ሲሚንቶ ላይ።»

«አንቺ የተማርሽ ሴትዮ! የሚጠነሰስ ነገር ሲሚንቶ ላይ ይቀመጣል? ከበታቹ ገለባ ጎዝጉዢለት፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዪው።»

ሽታዬ ጎዘጎዘች፣ ጠቀለለች። በሦስተኛው ቀን ጋኑ መፍላት ጀመረ። ክንዱ አንድ ቀን በዚያ ሲያልፍ ጋኖቹ ብርድ ልብስ ለብሰው አይቶ «ይኼ ምንድን ነው? እንግዳ ቢመጣ ምን ይለናል? ይነሣ!» አለ። ሽታዬ «እሺ ዶክተር» አለችና አላነሣችም።

ሚያዝያ ሲጋመስ አርባ ኪሎ ገለባ ቀቅላ፣ እንደ አረቄ ሁለት ጊዜ አውርዳ፣ ውኃውን በኖራ መጥጣ፣ ስድስት መቶ ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል በጠርሙስ አስቀመጠች። እንደ ምንጭ ውኃ ኩልል ያለ ነው። በጣቷ ጠብታ ወስዳ ክብሪት ስትነካው ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። ብቻዋን ላብራቶሪው ውስጥ ቆማ «ሸጋ» አለች። ይኼን ያህል ተደስታ ያየቻት ሰው ባለመኖሩ ደግሞ ደስ አላት።

ጠርሙሱን ይዛ ክንዱ ቢሮ ገባች። እሱ ለምረቃው ቀን የሚነበበውን ንግግር እያስተካከለ ነበር። ጠርሙሱን አንሥቶ ወደ መስኮቱ አድርጎ አየው።

«ይኼ ምንድን ነው? ሽቶ ነው?»

«የጃናሞራው ገለባ ነው። ከአርባ ኪሎ የወጣ። ማሽኑ ቢከፈትና ገለባው ቢሸፈን ከዚህ ሦስት አራት እጥፍ ይወጣል።»

«ሽታዬ፣ እኔ ስምንት ምድጃ አሰልፌያለሁ። ክቡር እንግዳው ከክልል ይመጣሉ። በዚህ ስምንት ምድጃ ይነዳል?»

«አሥራ አምስት ደቂቃ ይነዳል።»

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ሲመለስ ድምፁን ለስለስ አደረገው፤ ያን ድምፁን ከተለማማጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች። ነገ ከከተማ አንድ ጀሪካን አልኮል ይመጣል አላት። እሷ የምትሠራው ወደ ጠርሙሶቹ መገልበጥና የፕሮጀክቱን ስም መለጠፍ ብቻ ነው።

«ተገዝቶ የመጣ አልኮል ነው የገለባ ነው ልንል?»

«ሽታዬ፣ አንቺ ኬሚስትሪ ታውቂያለሽ። ሞለኪውሉ አንድ ነው! ከሸንኮራ ይምጣ፣ ከገለባ ይምጣ፣ ኢታኖል ኢታኖል ነው።»

ሽታዬ ጠርሙሷን ከእጁ ወሰደች። እጁን የያዘችበት ቀን ትዝ አላት።

«ሞለኪውሉስ አንድ ነው» አለች። «ሁለት አይሱዙ ገለባ የት ገባ ቢባል ምን እንላለን?»

«ማን ይጠይቃል?» አለ ክንዱ። ከልቡ ነው የጠየቀው። የሚጠይቅ ሰው ሊኖር ይችላል ብሎ አንድ ቀን አስቦ አያውቅም።

ጀሪካኑ መጣ። ሽታዬ መጋዘኑ ውስጥ ቆለፈችበትና ቁልፉን ኪሷ ከተተች። በምረቃው ቀን ማለዳ ስምንቱን ምድጃ አንድ በአንድ ከፍታ በእያንዳንዳቸው ሰባ አምስት ሰባ አምስት ሚሊ ሊትር ከራሷ ጠርሙስ በመለኪያ ቀዳች። 

እንግዶቹ በአራት ሰዓት ይመጣሉ ተብለው በስድስት ሰዓት አዳራሹ ገቡ። ክንዱ ከመካነ ብርሃን አያ ሰጠኝንና የትነበርሽን አስመጥቶ፣ አዲስ ነጠላ አልብሶ፣ ምድጃዎቹ አጠገብ «ተጠቃሚ» የሚል ወረቀት ደረታቸው ላይ ለጥፎ አስቀምጧቸዋል። አያ ሰጠኝ ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ «ምን ተጠቀምኩ ይላል?» ብሎ ሽታዬን ጠየቃት። «ገና ነው» አለችው፤ ፊቷን አዞረች።

ምድጃዎቹ ተለኮሱ። ስምንት ሰማያዊ ነበልባል ባንድ ላይ ቀጥ አለ። ሽሮ የተጣደባቸው ስምንት ድስቶች ነበሩ። የትነበርሽ እጇን ወደ እሳቱ አስጠግታ፣ አሸተተች፣ ፊቷ በራ። «ጭስ የለውም! ሽታዬ፣ እይው፣ ጭስ የለውም!» አለች። እሳቱ እውነተኛ ነበርና ሽታዬም ለዚያች ደቂቃ ኮራች።

ክንዱ ማይክሮፎኑን ያዘ። ስለ ዓለም የአየር ንብረት ጀመረ። ከዚያ ወደ አፍሪካ መጣ። ወደ ኢትዮጵያ ሲደርስ አሥራ ሁለት ደቂቃ አልፏል። ጎንደር ሳይደርስ ከግራ በኩል ያለው ምድጃ ተንቀጠቀጠና ጠፋ። ሁለተኛው ተከተለው። ሦስተኛውና አራተኛው ባንድ ላይ ሄዱ። «ይህ የማይነጥፍ ኃይል» ሲል ሰባተኛው ጠፋ። ስምንተኛው ትንሽ ታግሎ እሱም አለቀ። ሽሮው ገና ሙቅ ውኃ ነበር።

የትነበርሽ ድስቱን ከፍታ አየች። በገበያ መሀል ልጇን የምትጠራ ያህል ጮክ ብላ «ዶክተር፣ ጠፋ እኮ!» አለች።

 ክንዱ ምድጃዎቹን አየ፣ ሽታዬን አየ። ዓይኑ ደም መሰለ፤ አፉ ግን ሥራውን አልፈታም።

«አልጠፋም፣ እናቴ! ሠርቶ ማሳያው በተያዘለት ጊዜ ተጠናቀቀ!»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሽታዬ በሕይወቷ ብዙ ጭብጨባ ሰምታለች፤ ለጠፋ እሳት ሲጨበጨብ ግን ይኼ የመጀመሪያዋ ነበር። ክቡር እንግዳውም አጨበጨቡና ሰዓታቸውን አዩ።

አያ ሰጠኝ ሳይፈቀድለት ተነሣ። ለማንም ሳይሆን ለእሷ ነው የተናገረው።

«ሽታዬ፣ የገለባችን እሳት ይኼው ነው?»

«ይኼው ነው፣ አያ» አለች። ድምፅ ማጉያ አላስፈለጋትም፤ ሁሉም ሰማት። «ከአርባ ኪሎ ገለባ ነው ያወጣሁት። ማሽኑ አልተከፈተም። የቀረው ገለባችሁ ውጪ ሜዳ ላይ ነው፤ የበልጉ ዝናብ ገብቶበታል። ምድጃ ይሰጣችኋል ያልኳችሁ እኔ ነኝ። እሱ ያለው ዕቅድ አለ ነው። አላውቅም ማለት ሲገባኝ አውቃለሁ አልኩ።»

አያ ሰጠኝ ፊቱ ምንም አልተለወጠም። «አርባ ኪሎ የበሬዬ የሳምንት ቀለብ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ወደ ክቡር እንግዳው ዞረ። «እንግዲያው ጌታዬ፣ የቀረውን መልሱልን። ክረምቱ ሳይገባ ከብቶቹ ያልቁብናል።»

ክንዱ «ይህ ቴክኒካል ጉዳይ ስለሆነ—» ብሎ ሲጀምር፣ ከኋላ የምሳው ሽታ ገባ። ክቡር እንግዳው በእጃቸው ዝንብ እንደሚያባርር ሰው አደረጉና «ይመለስላቸው፣ ይመለስላቸው! ገለባ ነው እኮ!» አሉ። ተነሡ።

ለእሳቸው ያቺ ቃል ወደ ምሳ መሄጃ ነበረች። የዕለቱን ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ግን ሽታዬ ነበረች። «ክቡር እንግዳው ቀሪው ገለባ በማዕከሉ መኪና ለባለቤቶቹ እንዲመለስ አዘዋል» ብላ ጻፈች። ምግብ ቤቱ በር ላይ ጠብቃ፣ ከተጠበሰው ሥጋ በፊት፣ ብዕሩን ከነወረቀቱ እጃቸው ላይ አስቀመጠች። ሳያነቡ ፈረሙ። ለአሥር ዓመት ያየቻቸው ፊርማዎች ሁሉ እንዲሁ ሳይነበቡ የተፈረሙ ነበሩ፤ አንድ እንኳ ለሰው የሚጠቅም ይኑር ብላ በልቧ ሳቀች።

ክንዱ ከምሳ በኋላ ያዛት። «አዋረድሽኝ» አላት።

«እኔ ነዳጁን ነው የቀዳሁት። ስንት ደቂቃ እንደሚነድ ደግሞ ነግሬዎት ነበር።»

ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ። ሪፖርቱ ግን መልስ አጥቶ አያውቅም። በሳምንቱ ተባዝቶ ሲታደል ሽታዬ ገልጣ አየችው። ስድስት መቶ የሚለው የእሷ ቁጥር ሳይነካ በቦታው ተቀምጧል፤ «ሚሊ» የምትለዋ ብቻ ወጥታለች። ስድስት መቶ ሊትር። ከሥሩም ሁለተኛው ምዕራፍ ከባሕር ዛፍ ቅጠል አውሮፕላን የሚነዳ ዘይት ለማምረት እንደተፈቀደ ይገልጻል። የላብራቶሪ መዝገቧን ይዛ ሄዳ ስሕተቱን በደብዳቤ አመለከተች። መዝገብ ቤት ተቀብሎ ማኅተም መታበት፤ ከዚያ በኋላ የሰማችው የለም።

ግንቦት በገባ በሰባተኛው ቀን ገለባው ተጫነ። ሹፌሩ አስማረ «እንዲህ ያለ ጭነት አይቼ አላውቅም፤ ወስዶ መመለስ!» እያለ እስከ ደባርቅ ሳቀባት። ሽታዬ የዓመት ፈቃዷን ሞልታ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። ከሁለት አይሱዙ አንድ ተኩሉ ነው የተረፈው፤ የላይኛው ወገን ጠቁሮ ሻግቷል።

መካነ ብርሃን ሲደርሱ ሰው ወጥቶ አያቸው። እልል ያለ የለም። እንኳን ደህና መጣሽ ያላት የትነበርሽ ብቻ ናት። የጎረቤቷ የማስተዋል ላም ቀለብ ጠፍቶ በመጋቢት ተሸጣለች፤ የሌላው ጎረቤት ወይፈን መነሣት አቅቶት ታርዷል። ሽታዬ መኪናው ላይ ቆማ አዳራሹ ውስጥ የተናገረችውን እዚህም ደገመችው። ምድጃ የለም። የሚመጣም አይመስለኝም። ያልኳችሁ ልክ አልነበረም።

ማስተዋል፣ ሽበቷ ከሻሽዋ የወጣ ሴት፣ «ላሜንስ በምን ትመልሻታለሽ?» አለቻት።

«አልመልሳትም» አለች ሽታዬ። «አልችልም።»

ሴትዮዋ ጥቂት አየቻትና ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች። ይቅር ማለቷ አልነበረም። ሽታዬም ይቅርታ ጠብቃ አልነበረም፤ ቢያንስ ሰድባት ብትሄድ ይቀላት ነበር።

የቀሩት ገለባውን ማውረድ ጀመሩ። የሻገተውን ዝም ብሎ ለከብት ቢሰጡት ሆድ እንደሚነፋ ሽታዬ ነገረቻቸውና ደህናውን ከሻገተው መለየት ተያዘ። በእጅ ነው የሚሠራው፤ አቧራው አፍንጫ ይሞላል። ሦስት ቀን ለዩ። የትነበርሽ አጠገቧ ተቀምጣ ስትለይ በመሀል «ያ እሳት ግን ሸጋ ነበር» አለች።

«ሸጋ ነበር።»

«አሁን የምድጃው ሰውዬ ምን ሊያነድ ነው?»

«ባሕር ዛፍ ቅጠል። አውሮፕላን ሊያበርበት ነው።»

የትነበርሽ ገለባውን ከእጇ ለቃ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሽታዬም ሳቀች፤ ከጥር ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም።

በአራተኛው ቀን ከማዕከሉ ተደወለ። ከላብራቶሪ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት መዛወሯን የሚገልጽ ደብዳቤ ወጥቷል፤ ፈቃዷን አቋርጣ በአስቸኳይ ትፈርም ተባለች። ስልኩን ዘግታ ያልተለየው ክምር ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። አያ ሰጠኝ ምን እንዳሏት ጠየቃት።

«ነይ አሉኝ።»

«ትሄጃለሽ?»

«ይኼ ሲያልቅ» አለችና የጠቆረውን እፍኝ ወደ ግራ ወረወረች።